ክኒኑን ከመዋጥዎ በፊት ግፊትዎን ይለኩ

የምክር ዓምድ

ጥያቄ፦ «47 ዓመቴ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ሥራዬ የጭነት መኪና ሹፌርነት ነው። ከዓመት በፊት ግፊት አለብህ ተብዬ አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉ ክኒኖች እወስዳለሁ። ከስድስት ወር ወዲህ ከባለቤቴ ጋር ስሆን ብልቴ አይቆምልኝም፤ ቢቆምም ሳይቆይ ይወድቃል። ሁለት ጊዜ ፋርማሲ ሄጄ ሰው ስለነበረ የራስ ምታት ክኒን ገዝቼ ተመለስኩ። በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከስትሪፕ ላይ በመቀስ የተቆረጠች ሰማያዊ ክኒን ሰጠኝ። ያን ማታ ጥብስ በልተን፣ አረቄ ቀማምሰን ነበር፤ ቤት ገብቼ ዋጥኳት። ፊቴ ጋለ፣ ልቤ መታ፣ ራሴን አመመኝ፤ የፈለግሁት ግን አልመጣም። ጓደኛዬ ‹አንዷ አልበቃችህም፣ ሁለት ውሰድ› ይለኛል። ትክክለኛውን መድኃኒት የትና እንዴት ላግኝ? ከግፊት መድኃኒቴ ጋርስ ይስማማል? ባለቤቴ ሳታውቅ መውሰድስ እችላለሁ?»

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሌላው ሁሉ ይቆየንና «ሁለት ውሰድ» የሚለውን ምክር አይስሙ። የክኒኗ ሰማያዊ መሆን ምን እንደሆነች አይነግርዎትም፤ ቀለም ማንም ይቀባል። ስትሪፑ በመቀስ ሲቆረጥ ጀርባው ላይ የታተመው የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የምርት ቁጥሩና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜው ሌላኛው ቁራጭ ላይ ቀርቷል። የ25 ሚሊ ግራም ትሁን የ100፣ ወይም ጨርሶ ሌላ ነገር፣ እርስዎም ጓደኛዎም አታውቁም። የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው መጠኑ ያልታወቀ ነገር በእጥፍ መዋጥ አደጋ ነው።

ትክክለኛው መድኃኒት ግን አለ፤ ግፊት ያለባቸው ብዙ ሰዎችም በደህና ይወስዱታል። ሲልደናፊል ይባላል፤ ብዙው ሰው የሚያውቀው ቪያግራ በሚለው የንግድ ስሙ ነው። መጀመሪያ ላይ የተሞከረው የልብ ደም ሥር በመጥበቡ ለሚመጣ የደረት ሕመም ነበር። ለዚያ ብዙም አልጠቀመም፤ የሚወስዱት ወንዶች ብልት ላይ ያሳየው ለውጥ ግን ስለታየ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ለስንፈተ ወሲብ ተፈቀደ። ይህን የምናነሳው ለታሪክ አይደለም። ክኒኑ የሚሠራው በደም ሥር ላይ እንጂ በ«ወንድነት» ላይ እንዳልሆነ እንዲያስታውሱልን ነው፤ ጥቅሙም አደጋውም የሚመጣው ከዚያው ነው።

የእርስዎም ችግር ምናልባት የደም ሥር ጉዳይ ነው። ወደ ብልት ደም የሚያደርሱት ሥሮች ውስጣቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ የልብ ደም ሥሮች ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራና የደም ቅባት የደም ሥርን ግድግዳ ሲያበላሹ ቀድሞ የሚደፈነው ቀጭኑ ነው፤ ቧንቧ የሚሠራ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። የብልት አለመቆም ከልብ ሕመም ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ቀድሞ የሚታየው በብዙዎች ላይ በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ 47 ዓመት የሆነውና ግፊት ያለበት ሰው «አይቆምልኝም» ብሎ ጤና ጣቢያ ሲሄድ የሄደው ለቅንጦት አይደለም። ሰውነቱ የሰጠውን የቅድሚያ ምልክት ይዞ ነው የሄደው።

መጀመሪያ የሚሄዱት የግፊት ክትትልዎ ወዳለበት ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ነው። ካርድዎ እዚያ ነው፣ የሚወስዱትም መድኃኒት እዚያ ተጽፏል። አፍ አልፈታ ካለዎት አስቀድመው በወረቀት ይጻፉት፦ «የግፊት ታካሚ ነኝ። ከስድስት ወር ወዲህ በግንኙነት ጊዜ ብልቴ አይቆምም። መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት መመርመር እፈልጋለሁ።» ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ። ከተቀመጡ በኋላ ወረቀቱን ለጤና መኮንኑ ወይም ለሐኪሙ ይስጡት። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ታካሚ ወይም ተለማማጅ ካለ «ለብቻዬ ላናግርዎት» ማለት መብትዎ ነው። ባለሙያዋ ሴት ብትሆን ደግሞ ወደ ኋላ አይበሉ፤ ለእሷ ይህ እንደ ማንኛውም የዕለት ሥራዋ ነው።

ጥያቄዎች ይቀርቡልዎታል፤ መልሱን ቤትዎ አስበውበት ይሂዱ። ጠዋት ሲነቁ ብልትዎ ቆሞ ያገኙታል? ከተገኘ ሥሩና ነርቩ አሁንም ይሠራሉ ማለት ነው፤ ጭንቀት፣ ድካም ወይም ቤት ውስጥ ያለ ቅያሜ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ችግሩ ቀስ በቀስ መጣ ወይስ በአንድ ጊዜ? ፍላጎትዎስ አለ? ፍላጎቱ ራሱ ከጠፋ የቴስቶስቴሮን ሆርሞን መለካት አለበት፤ ደሙ የሚሰጠው ጠዋት፣ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፣ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ መጠኑ በራሱ ይወርዳል። ያጨሳሉ? ይቅማሉ? መንገድ ላይ እንቅልፍ ለማባረር ጫት የሚይዙ ከሆነ አይደብቁ። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ከፍቶት ካልሆነ ብልት ላይ የረዳው ነገር የለም።

ከዚያ ልኬት ነው። ግፊትዎ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ካረፉ በኋላ ይለካ። ከ170/110 በላይ ከሆነ ወይም ከ90/50 በታች ከወረደ መጀመሪያ እሱ ይስተካከላል እንጂ ይህ ክኒን አይጀመርም። ስኳር ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ ይለካ፤ በሁለት የተለያየ ቀን 126 እና ከዚያ በላይ ካሳየ የስኳር በሽታ አለ ማለት ነው። ስኳር ሳይታወቅበት ዓመታት የቆየ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ምልክት አንዳንዴ ይኸው የብልት አለመቆም ነው። የደም ቅባትና የኩላሊት ምርመራም ይጠይቁ፤ ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ የተጎዳ ሰው ክኒኑ ከሰውነቱ ቶሎ ስለማይወጣለት የሚጀምረው በ25 ሚሊ ግራም ነው። ዕድሜያቸው ከ65 ያለፈም እንዲሁ።

አንድ ምርመራ ግን ቤትዎ ደጃፍ ላይ አለ። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ልብን የሚያደክመው ሁለት ፎቅ ደረጃ በተለመደ ፍጥነት የመውጣት ያህል ነው። እርስዎ በየቀኑ አራት ፎቅ ይወጣሉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረትዎ ይጨመቃል? ግራ ክንድዎን ወይም መንጋጋዎን ያምዎታል? ትንፋሽ አጥሮዎት ይቆማሉ? አንዱም ካለ ለባለሙያው ይህንኑ ይንገሩ፤ ልብዎ ሳይታይ ክኒኑ አይታሰብም። ባለፉት ስድስት ወራት ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ ያጋጠመው ሰውም እንዲሁ ይጠብቃል።

አሁን ከሁሉ የከፋው ቅልቅል። ለደረት ሕመም ምላስ ሥር የሚደረግ ወይም የሚዋጥ ናይትሬት የሚባል የመድኃኒት ዘር አለ፦ ናይትሮግሊሰሪን፣ አይሶሶርባይድ ዳይናይትሬት፣ አይሶሶርባይድ ሞኖናይትሬት። ይህን የሚወስድ ሰው ሲልደናፊልን በፍጹም አይነካም። «ትንሽ መጠን»፣ «ሰዓቱን አራርቄ» የሚባል ነገር የለም። ናይትሬት የደም ሥር እንዲላላ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ያስመርታል፣ ሲልደናፊል ደግሞ ያው ንጥረ ነገር እንዳይጠፋ ይከላከላል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግፊቱ ይዘቅጥና ሰውየው ይወድቃል፣ ሊሞትም ይችላል። እርስዎ የጻፉልን ሁለት መድኃኒቶች ከዚህ ውስጥ አይደሉም። ቢሆንም ሌላ ቦታ የተሰጠዎት ክኒን ካለ ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ። የጓደኛ ክኒን የሚያስፈራንም በዋናነት ለዚህ ነው፤ ጓደኛ ናይትሬት ትወስዳለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ወደ ግፊት መድኃኒትዎ እንምጣ። አምሎዲፒንና ሲልደናፊል አብረው ይወሰዳሉ። 100 ሚሊ ግራም ሲልደናፊል በአምሎዲፒን ላይ ሲጨመር ግፊቱን በአማካይ በ8/7 ያህል ተጨማሪ ዝቅ ያደርገዋል። ግፊቱ ለተስተካከለለት ሰው ይህ ብዙ አይደለም፤ ከአልጋ በድንገት ሲነሱ ግን ራስ ሊያዞር ይችላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ይቀመጡ፣ ከዚያ ይቁሙ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሽንት እያበዛ ግፊት የሚቀንስ መድኃኒት ነው፤ በአንዳንድ ወንዶች ላይ የብልት አለመቆምን ራሱ ሊያመጣ ወይም ሊያባብስ ይችላል። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎልም በዚህ ይታማሉ። የብልትዎ ችግር የጀመረበትና ይህን መድኃኒት የጀመሩበት ጊዜ ይቀራረብ እንደሆነ ቁጭ ብለው ያስቡና ለባለሙያው ይንገሩ። ምናልባት እንደ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ባለ፣ በወሲብ ላይ ብዙም ተጽዕኖ በሌለው መድኃኒት ሊተካልዎት ይችላል፤ ለአንዳንዱ ሰው ይኸው ለውጥ ብቻውን መፍትሔ ይሆናል። እርስዎ ግን በራስዎ እንዳያቋርጡት አደራ። በብልት ምክንያት የግፊት ክኒን አቁሞ በስትሮክ ግማሽ ጎኑ የቀረ ሰው ሁለቱንም አጥቷል።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም ጥቂት እንጨምር። ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን፣ ዶክሳዞሲን ወይም ፕራዞሲን የሚወስድ ሰው ከሲልደናፊል ጋር ግፊቱ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል የሚጀምረው ከ25 ነው። ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች መካከል ሪቶናቪር ያለበትን ጥምረት፣ ለምሳሌ አታዛናቪር ከሪቶናቪር ጋር የሚወስድ ሰው፣ ክኒኑ በደሙ ውስጥ በብዙ እጥፍ ስለሚከማች በ48 ሰዓት ውስጥ ከ25 ሚሊ ግራም በላይ መውሰድ የለበትም። በዶሉቴግራቪር ላይ የተመሠረተው የተለመደው ጥምረት ይህ ችግር የለበትም። ኬቶኮናዞል፣ ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲንም መጠኑን ከፍ ያደርጉታል። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፤ ቶሎ ስለሚያስወጣው «ክኒኑ ውሸት ነው» ያሰኛል። በእነዚህ በሽታዎች ማፈር የለም፤ ለፋርማሲስቱ የመድኃኒቱን ስም ብቻ መጥራት ይበቃል።

ማዘዣው በእጅዎ ሲገባ ግማሹ እፍረት ይቀልልዎታል። ተራ ማዘዣ ወረቀት ነው፤ ስምዎ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ሚሊ ግራሙ፣ ብዛቱና አወሳሰዱ ይጻፍበታል። ፋርማሲ ውስጥ ምንም ጮክ ብሎ መናገር አይጠበቅብዎትም፤ ወረቀቱን ይሰጣሉ፣ እንደ አሞክሳሲሊን ይቀበላሉ። የግፊት መድኃኒትዎን ከሚገዙበት ቦታ ቢሆን ይመረጣል፤ ከተማ ድረስ መውጣት የማይቸግርዎት ከሆነ ከነማ ወይም ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችም አሉ። የንግድ ስሙ ብዙ ዓይነት ነው። እርስዎ ማየት ያለብዎት ከንግድ ስሙ ሥር በትንሹ የተጻፈውን «ሲልደናፊል» የሚለውን ስምና ሚሊ ግራሙን ነው፤ ዋናው ቪያግራ ባይሆንም በጀነሪክ ስም የተመዘገበው ያው መድኃኒት ነው፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል።

ከባንኮኒው ሳይነሱ ማሸጊያውን ይመልከቱ። የካርቶኑና የስትሪፑ የምርት ቁጥር አንድ ይሁን። ማብቂያ ጊዜው የተፋቀ ወይም በስቲከር የተሸፈነ አይሁን፤ አምራቹና አገሩ ይጻፍ፣ በውስጡም የመረጃ ወረቀት ይኑር። ጥቂት ፍሬ ብቻ የሚገዙ ከሆነ ማብቂያው ያለበት ጫፍ ከእርስዎ ጋር እንዲሄድ ያድርጉ፣ ደረሰኝም ይቀበሉ። የተጠራጠሩትን የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ይቀበላል። የታዘዘልዎት 50 ሆኖ ያለው 100 ብቻ ከሆነ ፋርማሲስቱ ግማሽ እንዲወስዱ ሊነግርዎት ይችላል፤ ይህ ክኒን ቀስ እያለ እንዲለቅ ሆኖ የተሠራ ስላልሆነ መከፈሉ ጉዳት የለውም፤ በጥርስ ሳይሆን በስለታም ነገር ይከፈል።

በቴሌግራም የሚሸጠው፣ በየሱቁ ከባንኮኒ ሥር የሚወጣው ክኒን፣ «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ በትንንሽ ከረጢት የሚመጣው ማርና ቡናስ? እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያሉ የማር ምርቶችን መርምሮ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ሲልደናፊልና ታዳላፊል እንዳገኘባቸው አስጠንቅቋል። ሰውየው ማር በላሁ ብሎ የማያውቀውን መጠን መድኃኒት ይውጣል። የልብ ሕመምተኛ ከሆነና ናይትሬት ከወሰደ፣ ሐኪሙም ምን እንደገጠመው አይገባውም።

ያን ማታ ለምን አልሠራም? ክኒኗ እውነተኛ ሲልደናፊል ነበረች ብንል እንኳ በአወሳሰዱ ሦስት ነገር ተበላሽቷል። ወንድ ስሜቱ ሲነቃ ከብልቱ ነርቮችና ከደም ሥሮቹ ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቀቃል፤ ይህ ደግሞ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚባል ንጥረ ነገር ያስመርታል። እሱ ጡንቻውን ያላላል፣ ደም ይገባል፣ ብልት ይቆማል። ፒዲኢ 5 የሚባል ኢንዛይም በበኩሉ ንጥረ ነገሩን ይሰባብረዋል። የሲልደናፊል ሥራ ሰባባሪውን መያዝ ብቻ ነው። ስሜት ካልተነሳ የሚመረት የለም፣ የሚመረት ከሌለ ክኒኑ የሚጠብቀው ነገር የለም። ዋጥ አድርጎ ጣሪያ እያዩ መጠበቅ፣ «መጣ? አልመጣም?» እያሉ ራስን መፈተሽ፣ ክኒኑን ሥራ ያስፈታዋል። መተቃቀፍ፣ መሳሳም፣ መነካካት ያስፈልጋል፤ እንደ ድሮው።

ሁለተኛው ጥብሱ ነው። ስብ የበዛበት ምግብ ክኒኑ ወደ ደም የሚገባበትን ጊዜ በአንድ ሰዓት ያህል ያዘገየዋል፣ በደም ውስጥ የሚደርስበትን ከፍተኛ መጠንም በ29 በመቶ ይቀንሰዋል። ጾም በተፈታበት ሌሊት በዶሮ ወጥና በክትፎ ላይ የተዋጠ ክኒንና ቀለል ካለ እራት ሁለት ሰዓት በኋላ የተዋጠው እኩል አይሠሩም። ሦስተኛው አረቄው ነው። አልኮል ስሜት የሚያስተላልፉትን ነርቮች ያደነዝዛል፣ ግፊትንም ከክኒኑ ጋር ተደርቦ ያወርዳል። የፊትዎ መጋልና ራስ ምታቱ የሲልደናፊል የተለመዱ ጠባዮች ናቸው፤ የልብ ምቱን ግን አረቄውም ሊያመጣው ይችላል፣ ያልታወቀው ክኒንም ሊያመጣው ይችላል።

ባለሙያው ከፈቀደልዎት የመጀመሪያውን ሙከራ በማግስቱ የማያሽከረክሩበት ቀን ዋዜማ ያድርጉት። ቅዳሜ ነው እንበል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ሽሮም ይሁን ምስር ቀለል ያለ እራት ይብሉ፣ አረቄ ይቅር፤ ከጠጡም ከአንድ ቢራ አይለፉ። 3 ሰዓት ላይ የታዘዘልዎትን፣ ለአብዛኛው ሰው 50 ሚሊ ግራም ነው፣ በውኃ ይዋጡ። ከ30 ደቂቃ ጀምሮ መሥራት ሊጀምር ይችላል፤ ደህና የሚሆነው አንድ ሰዓት ገደማ ሲሞላው ነውና ልጆቹ ተኝተው 4 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ ብትሆኑ ጊዜው ልክ ነው። እስከ 7 ሰዓት ሌሊት ድረስ ኃይሉ አብሮዎት ስለሚቆይ የሚያስቸኩል ነገር የለም። አንዴ ከጨረሱ በኋላ ብልትዎ ይተኛል፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚቀር የሚመስላቸው ሰዎች ተሳስተዋል። በ24 ሰዓት ውስጥ የሚወሰደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አልሠራም ብሎ በዚያው ሌሊት መድገም የለም።

አንድ ቀን አልሠራም ብለው ደግሞ አይጣሉት። በትክክለኛው አወሳሰድ በተለያየ ቀን ከ6 እስከ 8 ጊዜ ሳይሞከር «በእኔ ላይ አይሠራም» አይባልም። የመጀመሪያው ቀን ጭንቀት ብቻውን ክኒኑን ሊያሸንፈው ይችላል። 50 ካልበቃ ወደ 100 ከፍ የሚያደርገው ያዘዘው ባለሙያ ነው፤ ከ100 በላይ የጎንዮሽ ጉዳቱ እንጂ ጥቅሙ አይጨምርም። ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚሠራበት ዕድል ዝቅ ይላል፤ ያኔ ሌላ ሕክምና ስላለ ወደ ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የወንድ ብልት ሐኪም) ይላካሉ።

ሌላው አማራጭ ታዳላፊል ነው። ምግብ አያዘገየውም፣ ኃይሉም እስከ 36 ሰዓት ይቆያል፤ ዓርብ ማታ የወሰደ ሰው ቅዳሜ ማታም ይጠቀምበታል። ሰዓት መቁጠር የሚያስጨንቃቸው ሰዎች ይመርጡታል። በሚያስፈልግ ጊዜ የሚወሰደው 10 ወይም 20 ሚሊ ግራም ነው፤ በየቀኑ በ5 የሚወሰድበትም መንገድ አለ። አብሮት የሚመጣው የጀርባና የጡንቻ ሕመም ነው። ረጅም ሰዓት መሪ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ስላልሆነ፣ በእኛ አስተያየት ለእርስዎ ሲልደናፊል መጀመሪያ ቢሞከር ይሻላል። ሁለቱን በአንድ ላይ መውሰድ ክልክል ነው።

ራስ ምታት፣ የፊት መቅላት፣ የአፍንጫ መደፈን፣ ቃር የተለመዱ ናቸው፤ በጥቂት ሰዓት ይጠፋሉ፣ ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል መውሰድ ይቻላል። ጥቂቶች ላይ ሲልደናፊል ለሰዓታት ነገሩን ሁሉ ሰማያዊ ያስመስለዋል፤ በዓይን ውስጥ ያለ ተመሳሳይ ኢንዛይም ስለሚነካ ነው። ለሹፌር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ክኒኑ እርስዎን እንዴት እንደሚያደርግዎት ሳያውቁ ወስደው መሪ አይያዙ። ስትሪፑን ደግሞ ዳሽቦርድ ውስጥ አይተዉት። መድኃኒቱ ከ30 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለበትም፣ አዋሽና ሚሌ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ ከዚያ በጣም ያልፋል።

ጠዋትን ሳይጠብቁ የሚኬድባቸው ሁኔታዎች አሉ። ብልት ከ4 ሰዓት በላይ ቆሞ ከቀረ፣ ቢያምም ባያምም፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ከእናንተ ሰፈር ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይቀርባል። በውስጡ የታሰረው ደም ኦክስጅን ያልቅበታል፣ ከ6 ሰዓት ወዲያ ሥጋው መጎዳት ይጀምራል፤ በእፍረት ምክንያት እስኪነጋ የጠበቀ ሰው ዳግም የማይቆም ብልት ይዞ ሊቀር ይችላል። የአንድ ዓይን ማየት ወይም የአንድ ጆሮ መስማት በድንገት ከጠፋም እንዲሁ። በግንኙነት መካከል ደረትዎ ከተጨመቀ ያቁሙ፣ ይቀመጡ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ወደ 907 ይደወል። ለመጣው ባለሙያ የመጀመሪያው ንግግር «ሲልደናፊል በዚህ ሰዓት ወስጃለሁ» የሚል ይሁን። ሲልደናፊል በተወሰደ 24 ሰዓት ውስጥ፣ ታዳላፊል ከሆነ 48 ሰዓት ውስጥ፣ ሆስፒታሉ ናይትሬት መስጠት የለበትም፤ ካልነገሩት ግን ለደረት ሕመም መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻ ጥያቄዎ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባለቤትዎ ሳታውቅ መውሰድ ይችላሉ ወይ? መዋጡን ማንም አይከለክልዎትም። ነገር ግን ያን ሌሊት መናገር ቢያቅትዎት ያንን ቃል ለአምቡላንሱ የሚናገርልዎ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አጠገብዎ የተኛችው ናት። ደግሞም ስድስት ወር ሙሉ ዝም ስላሉ እሷ የራሷን ምክንያት አስባ ይሆናል፦ «ጠላኝ»፣ «ሌላ አለችው»፣ «አረጀሁበት»። እውነቱ ከእነዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። ጨለማ ውስጥ፣ ካልተሳካ ሌሊት በኋላ አይንገሯት፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት በሄዱበት ጠዋት፣ ቡና እየተጠጣ ይንገሯት። «ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ከግፊቱ ጋር የተያያዘ ነገር ነው፣ ካንቺ የመጣ አይደለም። ይሄን መድኃኒት አዘውልኛል፤ ስወስድ ሰዓቱን እነግርሻለሁ።» ከዚያ ስትሪፑን ከግፊት ክኒንዎ ጋር፣ ልጆቹ የማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡት፤ የት እንዳለ እሷም ትወቅ።